የድንኳን ኪራይ በአዲስ አበባ፦ ከዲኮሩ በፊት ካስማው ይታይ

አዲስ አበባ ውስጥ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት ወይም ለተዝካር ድንኳን የሚፈልግ ሰው የሚሄድባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ ዕድር፣ የሰፈር ድንኳን አከራይ፣ እና ከአበባ እስከ ሳህን በአንድ ዋጋ አቀርባለሁ የሚለው የዲኮር ድርጅት። ዲኮሩ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል፤ ነጭ ጨርቅ፣ ቀይ ምንጣፍ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ መብራት። የሰፈሩ አከራይ «አታስቡ፣ ልምድ አለን» ይላል። ዕድሩ ደግሞ ብዙ አይናገርም፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው መቼ እንደሚገኝ ብቻ ይነግራል። ድግስ የሚያበላሹት ነገሮች ግን በፎቶም በወሬም አይታዩም፦ ካስማው መሬት ውስጥ ምን ያህል እንደገባ፣ ሁለት ድንኳን በተጋጠመበት ቦታ አሸንዳ መኖር አለመኖሩ፣ የጀነሬተሩ ገመድ ውፍረት፣ ተካዮቹ እነማን እንደሆኑ። ሦስቱን የመዘንናቸው በእነዚህ ነው። የኪራይ ዋጋ አልጻፍንም፤ የጥርና የሐምሌ ዋጋ ስለማይገናኙ ቁጥሩ ወር ሳይሞላው ያሳስታል።

ከዕድር እንነሳ። የዕድር ድንኳን የተገዛው ለለቅሶ ነው፤ አባል ሲሞት ወዲያው ተተክሎ እስከ ሠልስት እንዲቆም። ስለዚህ አሠራሩ ቀላል ነው፤ መሃሉን ምሰሶ ይይዘዋል፣ ዙሪያውን ቋሚ፣ ላዩ ወፍራም ሸራ፣ ከዚያ ገመድና ካስማ። የሰፈሩ ወጣቶች ተጠራርተው ይተክሉታል። አብሮት አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት፣ ትሪ፣ ብርጭቆና በርሜል ይገኛል። ለአባል ዋጋው ከገበያ እጅግ ያነሰ ነው፤ አባል ላልሆነም የሚያከራዩ ዕድሮች ብዙ ናቸው። ድስቱን በተመለከተ ከዕድር የሚሻል የለም፤ የለቅሶ ቤት ንፍሮና የድግስ ወጥ ሲሠራበት የኖረ ዕቃ ታቹ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አያሳርርም።

ችግሩ የታወቀ ነው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ በሠርጉ ዋዜማ ከአባላቱ አንዱ ቢያርፍ ድንኳኑ የሚሄደው ወደ ለቅሶ ቤት ነው። ይህን የሚቃወም ሰው የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ ከዕድር ሲከራዩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ድንኳን አላችሁ?» ይሁን። አንድ ብቻ ካላቸው ለሠርግ አትተማመኑበት፤ ለወጥ ቤትና ለዕቃ ማስቀመጫ ግን ይበቃል። ሁለትና ከዚያ በላይ ካላቸው፣ አንዱ ለለቅሶ እንደሚቀመጥ ከኃላፊዎቹ ጋር ተነጋግሮ መያዝ ይቻላል።

የጥጥ ሸራ ጠባዩን ማወቅም ይጠቅማል። ዝናብ ሲነካው ክሩ ያብጥና ቀዳዳው ይደፈናል፤ በደንብ ከተወጠረ ውሃ አያሳልፍም። ከውስጥ በእጅ ወይም በወንበር ጫፍ ከነኩት ግን ከዚያችው ቦታ ማንጠብጠብ ይጀምራል። ስለዚህ ጠረጴዛና ዲኮር ከሸራው ግድግዳ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ደግሞ ይሻግታል፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ዘርግተው ያሸቱት። የሻገተ ሸራ ሽታው እንግዳ ያባርራል፣ ክሩም በስብሶ ውጥረት ላይ ይቀደዳል።

የሰፈር አከራዮች ዕቃ ሌላ ነው። ከቱቦላሬ የተበየደ የብረት ቋሚና ጣሪያ፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ ሸራ። መጠናቸው አብዛኛውን ጊዜ 5 በ5፣ 5 በ10፣ 10 በ10 እና 10 በ20 ሜትር ነው። እዚህ ውስጥ በጣም ጥሩም በጣም መጥፎም ይገኛል፤ ሁለቱም «ድንኳን» ነው የሚባሉት። ልዩነቱን በሦስት ነገር መለየት ይቻላል። አንደኛ ሸራው፦ ጥሩ የፒ ቪ ሲ ሸራ በካሬ ሜትር ከ550 እስከ 750 ግራም ይመዝናል፤ በእጅ ሲይዙት ይከብዳል፣ ሲያጥፉት መሃሉ ላይ የክር መረብ ይታያል። ለጭነት መሸፈኛ የሚሸጠው ሰማያዊና ብርቱካናማ ሸራ ከ250 ግራም አይዘልም፤ አንድ ክረምት ፀሐይና ዝናብ ካየ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ መጋጠሚያው፦ ቱቦ ከቱቦ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቡሎንና ዳዶው አለ ወይስ በሽቦ ታስሯል? ሽቦ ካያችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ሦስተኛ የብየዳው ጥግ፦ ዝገት የበላው ብየዳ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል፤ ቀለሙ በስንጥቅ መልክ የተላቀቀበት ቦታ ውስጡ ተሰንጥቋል ማለት ነው።

የዲኮር ድርጅቶች በብዛት የራሳቸው ድንኳን የላቸውም። የሰፈሩን አከራይ ድንኳን ተከራይተው፣ ውስጡን በጨርቅ አልብሰው፣ በእጥፍ ያቀርቡታል። በዚህ ምንም ነውር የለም፤ ቅንጅቱም ሥራ ነው። ተከራዩ ግን ድንኳኑ የማን እንደሆነና ዝናብ ቢመጣ ማን እንደሚጠራ ማወቅ አለበት። ዲኮር የሚሠሩት ልጆች ጨርቅ ማጠፍ እንጂ ገመድ መወጠር አያውቁም፤ የድንኳኑ ባለቤት ደግሞ ተክሎ ሄዷል። እሑድ በ9 ሰዓት ነፋስ ሲነሳ ግቢው ውስጥ መዶሻ የያዘ ሰው አይኖርም። ውሉ ላይ «ዝግጅቱ እስኪያልቅ ሁለት ተካዮች በቦታው ይቆያሉ» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ከአበባው ሁሉ ይበልጣል።

የጣሪያው ጨርቅ ሌላም መዘዝ አለው፤ ፍሳሹን ይደብቃል። ሸራው ላይ ያለች ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ታንጠባጥባለች፣ ጨርቁ ይጠጣል፣ ሆዱ ይወርዳል፣ ከዚያ በአንዴ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። ጨርቁ ከመሰቀሉ በፊት ቀን ላይ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ ማየት በቂ ነው፤ ቀዳዳ ካለ ብርሃኑ እንደ ኮከብ ይታያል። መብራቱም ከጨርቁ ይራቅ። ኤል ኢ ዲ ብዙም አይሞቅም፤ የድሮው ባለ ዘንግ ፓውዛ ግን 500 ዋት የሚስብ ስለሆነ ጨርቅ አጠገብ ከተሰቀለ ያቃጥላል።

ካስማ፣ ገመድና መሬት

የአዲስ አበባ ድንኳን ጠላቱ ዝናብ ይመስላል፤ የሚያፈርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ባለው ቀለል ያለ አየር እንኳ፣ አንዱን ካሬ ሜትር በ9 ኪሎ ገደማ ይገፋል። የ10 በ20 ድንኳን ረጅሙ ግድግዳ 20 ሜትር በ2.5 ሜትር ቢሆን 50 ካሬ ነው፤ ግፊቱ ወደ 450 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ጣሪያውን ወደ ላይ የሚያነሣውን ኃይል ሳይጨምር ነው። በየእግሩ አንድ ብሎኬት አስቀምጦ «አይነቃነቅም» የሚል ተካይ ይህን ሒሳብ አላየም፤ 10 እግር ላይ 10 ብሎኬት ቢበዛ 200 ኪሎ ነው።

አፈር ባለበት ቦታ መፍትሔው ካስማ ነው። ጥሩ ካስማ ከባለ 20 ሚሊ ሜትር ፌሮ የተቆረጠ፣ ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሚረዝም ነው። ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይመታል፤ ገመዱና ካስማው ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠሩ ነው በደንብ የሚይዘው። ከመሬት በላይ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ መቅረት የለበትም፤ ገመዱም ካስማው መሬት በሚገባበት ቦታ ይታሰር። ካስማው ጫፍ ላይ ገመድ ካሰሩ ካስማውን ጎትቶ ያስተኛዋል። የቀረው ራስ ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ቢደፉበት የእንግዳ እግርና የሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ይተርፋል።

አፈሩም አንድ ዓይነት አይደለም። በእንጦጦ ሥር ባሉ ሰፈሮች ያለው ቀይ አፈር ካስማ በደንብ ይይዛል። ወደ ቦሌና አቃቂ ያለው ጥቁር መረሬ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ ጠዋት በመዶሻ ያቃተ ካስማ ከሰዓት ዝናብ በኋላ በእጅ ይነቀላል። በመረሬ ላይ ለአንድ ገመድ ሁለት ካስማ፣ አንዱን ከሌላው ኋላ አድርጎ፣ በገመድ ማያያዝ ያስፈልጋል። ከመምታታችሁ በፊት የውሃ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ የግቢውን ባለቤት ጠይቁ፤ በመዶሻ የተበሳ ቧንቧ ከዝናብ ይብሳል። ወደ ላይም ይታይ። ረጅም የብረት ምሰሶ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አይቆምም፤ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ።

ኮንዶሚኒየም ግቢና የሰፈር መንገድ ላይ ካስማ አይሠራም፤ ኮብልስቶን ነቅሎ መምታት የሚሞክሩ አሉ፣ ድንጋዩ ግን ተመልሶ እኩል አይቀመጥም፣ ጭቅጭቁም ከኮሚቴው ጋር ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ክብደት ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ውሃ ቢሞላ ከ200 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፤ በየእግሩ አንድ ቢቀመጥ 10 በርሜል 2,000 ኪሎ ይሆናል። ይህም ቢሆን በድንጋይ ላይ የሚንሸራተት ነገር ስለሆነ ወደ ጎን የሚገፋን ኃይል የሚቋቋመው በክብደቱ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 450 ኪሎ ለሚገፋ ነፋስ 2,000 ኪሎ የተጋነነ አይደለም። 20 ሊትር ጀሪካን ደርድሮ የሚመጣ አከራይ ለአንድ እግር አሥር ጀሪካን ማምጣት አለበት፤ አያመጣም። በርሜሉን የሚሞላው ውሃ ከየት እንደሚመጣም ከወዲሁ ይታሰብበት፤ ፈረቃ ባለበት ሰፈር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ገመድ ላይ ሁለት ቃል። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፤ ውጥር ብሎ የዋለው ድንኳን በዝናብ ጊዜ ካስማውን ራሱ ይነቅላል። ስለዚህ ዝናብ ሲጀምር ትንሽ ይላላ። የናይሎን ገመድ በተቃራኒው ይለጠጣል፤ እሱ በዝናብ ጊዜ እንደገና መወጠር አለበት። ጥሩ ተካይ ደመና ሲያይ የትኛው ገመድ እንደሆነ አውቆ ዙሪያውን ይዞራል። ከፍ ላለ ኪራይ ጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ከነማጥበቂያው የሚያመጡም አሉ፤ ከሁለቱም ይሻላል።

ግድግዳ አዘጋግም ሊያፈርስ ይችላል። በነፋሱ አቅጣጫ ያለው ጎን ተከፍቶ ሌላው ሁሉ ከተዘጋ ነፋሱ ገብቶ መውጫ ያጣል፣ ድንኳኑን እንደ ከረጢት ይነፋዋል፣ ከዚያ ያነሣዋል። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የመግቢያውን በር ወደ ግቢው በር፣ ማለትም ክፍት ወደሆነው መንገድ ያዞረዋል። በሩ ከነፋሱ ጀርባ ይሁን። ትልልቅ የዛፍ ቅርንጫፎች መወዛወዝ ከጀመሩ ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አልፏል ማለት ነው፤ ያኔ ሙዚቃው ቆሞ ገመድ ይታያል። ዛፉ ከነግንዱ ከተወዛወዘ ደግሞ ሰው ይውጣ፤ ኬክ አይቆጠር።

ዝናቡ

ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ወቅት ነው፤ የበልግ ዝናብና በረዶም የሚመጣው በዚያው ወቅት ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ10 በ20 ድንኳን ላይ ቢወርድ 4,000 ሊትር ውሃ ነው፤ 20 በርሜል። ይህ ሁሉ በጣሪያው ጠርዝ ይወርዳል፤ የት እንደሚሄድ ካልታሰበ እንግዳ ጫማ ሥር ይሄዳል። ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት የግቢው ዘቅዛቃ ወዴት እንደሆነ ታይቶ፣ ከላይ በኩል አንድ አካፋ ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር። ለሁለት ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከተከላው ዋጋ ውስጥ እንዲካተት ብትጠይቁ እምቢ የሚል አከራይ ጥቂት ነው፣ ሳይጠየቅ የሚቆፍር ግን አይገኝም።

ጣሪያ ላይ ውሃ ማቆር ዋናው የመውደቅ ምክንያት ነው። ሸራው ከላላ ወይም ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃው መሃል ላይ ይተኛል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 400 ኪሎ ነው፤ በሬ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተኛ ማለት ነው። ያን የሚችል ቱቦላሬ የለም። በረዶ ሲጥል ደግሞ ይባሳል፤ በረዶው ሳይቀልጥ ስለሚቆለል አይፈስም። በመጥረጊያ እንጨት ከውስጥ መግፋት ይቻላል፣ ግን ቀስ ብሎና ከጠርዝ ጀምሮ፤ ከመሃል የገፋ ሰው ሸራውን ይበሳል ወይም ውሃውን አጠገቡ ባለው ክፍል ላይ ያዞረዋል።

ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን የሚጋጠም ከሆነ «አሸንዳ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሁለቱም ጣሪያ ውሃ የሚወርደው በመጋጠሚያው ላይ ነው። ጥሩ አከራይ ከሸራው የተሰፋ ወይም ከላሜራ የተሠራ አሸንዳ ያመጣል፤ መጥፎው አንዱን ሸራ በሌላው ላይ ደርቦ በገመድ ያስራል። የተደረበ ሸራ የሚያፈሰው ልክ መሃል ላይ ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው የሚቀመጡት።

በጥር ሌላ ነው። ዝናብ የለም፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል፣ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ግድግዳው ሁሉ ተዘግቶ 200 ሰው ሲተነፍስበት እርጥበቱ ሸራው ላይ ይጤዛና ያንጠባጥባል፤ አከራዩ «ያፈሳል» ተብሎ የሚወቀሰው በከንቱ ነው። ከጣሪያው ጫፍ ሥር በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ክንድ ክፍት ቢተው ይቀንሳል። ለሙቀት ተብሎ የከሰል ማንደጃ ተዘግቶ ባለ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ቡናውም ቢሆን በር አካባቢ ይፈላ፤ የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል። በቄጠማ ፋንታ ፕላስቲክ ምንጣፍ ከተነጠፈ ደግሞ ከምድጃው ሥር ላሜራ ይቀመጥ፤ ከማስያዣ ገንዘብ ላይ በብዛት የሚቆረጠው በፍም የተበሳ ምንጣፍ ነው።

ስንት ሰው ይይዛል?

አከራዩ «10 በ20 ለ300 ሰው ይሆናል» ካለ የሚያወራው በመደዳ ስለተደረደረ ወንበር ነው። ለለቅሶና ለምርቃት ንግግር ከእውነት ብዙም አልራቀም፤ በአግዳሚ ለሚቀመጥ ሰው 0.7 ካሬ ሜትር ይበቃል። ክብ ጠረጴዛ ሲገባ ሒሳቡ ይለወጣል። 1.80 ሜትር ስፋት ያለው ጠረጴዛ 10 ሰው ያስቀምጣል፤ ወንበር ወደኋላ የሚገፋበትና አስተናጋጅ የሚያልፍበት ቦታ ሲጨመር ለአንድ ሰው 1.3 ካሬ ያስፈልጋል። የሙሽሮች መድረክ 4 በ6 ቢሆን 24 ካሬ ይወስዳል፤ በሁለት በኩል የሚነሣበት ቡፌ ሌላ 30። ከ200 ካሬው የሚቀረው 146 ነው፤ 110 ሰው። ለ300 እንግዳ በክብ ጠረጴዛ ከፈለጋችሁ ወደ 450 ካሬ ሂዱ፣ ወይም ቡፌውንና የቁርጡን ቦታ ወደ ሌላ 5 በ10 ድንኳን አውጡ። ቁርጡ መውጣቱ ለሌላም ይጠቅማል፤ ደሙ፣ ዝንቡና የቢላዋው ትርምስ ከነጭ ጨርቅ ጋር አይስማማም።

ወንበር ከእንግዳው ቁጥር ላይ ከ5 እስከ 10 ከመቶ ጨምራችሁ ያዙ፤ የተሰበረ እግር ይገኝበታል። ቀጭን እግር ያለው ወርቅማ ወንበር ፎቶ ላይ ያምራል፣ ሣር ላይ ግን ይሰምጣል፤ ሣር ከሆነ የፕላስቲክ ወንበር በልብስ ይሸፈን፣ ወይም ከሥሩ ጣውላ ይነጠፍ። ሳህን ለ300 ሰው 400 ይያዝ፤ ሁለተኛ የሚያነሣ ሰው በበላበት ሳህን አይሄድም፣ እጥበቱም አይደርስም። ብርጭቆ ከዚያ በላይ።

የቡፌ ማሞቂያ፣ ሁሉም ሻፊንግ የሚሉት፣ ትልቁ ወደ 9 ሊትር ይይዛል፤ ጢም ካልተደረገ 8 ነው፣ በመካከለኛ ጭልፋ ለ50 ሰው ገደማ። ሥሩ ያለው ውሃ ከመጀመሪያው የፈላ ይሁን። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የጄል እሳት ቀዝቃዛ ውሃ እስኪያሞቅ ወጡ ይረጋል። ብዙዎቹ የጄል ጣሳዎች 2 ሰዓት ገደማ ስለሚነዱ ለምሳና ለመክሰስ የሚዘልቅ ድግስ በአንድ ማሞቂያ ከሁለት ጣሳ አያንስም። አከራዩ ጣሳውን ያቀርባል ወይስ ማሞቂያውን ብቻ? ይህ በብዛት የሚረሳ ነው።

ለእጅ መታጠቢያ በሰው 3 ሊትር አስቡ፤ 300 ሰው ከ1,000 ሊትር ሮቶ ጋር ይመጣጠናል። የዕቃ እጥበቱ ሌላ ሮቶ ይፈልጋል። ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ለ50 ሰው አንድ ይበቃል፤ ከተተከለ በኋላ መኪናው የሚደርስበት ቦታ መሆኑ ይታይ።

ጀነሬተርና ገመድ

ጀነሬተር ላይ የተጻፈው ቁጥርና የሚሰጠው ኃይል አንድ አይደለም። «10 ኬ ቪ ኤ» የተባለው 8 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ያም የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ከአምስት አንድ እጅ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ያጣል። የቀረው 6 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ሁለት ምጣድ ከሰካችሁ ሙዚቃው ይጠፋል። እንጀራው አስቀድሞ ተጋግሮ ይምጣ፤ ጀነሬተሩ ለድምፅ፣ ለመብራትና ለፍሪጅ ይቅር። ፍሪጅ ሲነሣ ከተለመደው ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ከሞንታርቦውና ከሚክሰሩ ጋር በአንድ መስመር አይሁን፤ ድምፅ ማጉያው ላይ በየደቂቃው የሚሰማው «ጧ» ከዚያ ነው የሚመጣው።

ጀነሬተሩ ለጩኸቱና ለጭሱ 50 ሜትር ቢርቅ ጥሩ ነው፤ ያኔ የገመዱ ውፍረት ጥያቄ ይመጣል። 50 ሜትር ርቀት ላይ 16 አምፔር በባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ቢላክ 19 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ጫፉ ላይ የሚደርሰው 200 ገደማ ነው። ባለ 2.5 ካሬ ከሆነ 11 ቮልት ብቻ ይጠፋል። የተጠቀለለ ገመድ ሳይዘረጋ ጭነት አይሰካበት፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ዲቫይደር መሬት ላይ አይተኛ፤ ቋሚው ላይ በክንድ ከፍታ ይታሰር። ዲዝሉ በማን እንደሆነና ሞልቶ እንደሚመጣ ይጠየቅ፤ ነዳጅ በጀሪካን የማይቀዳበት ጊዜ ብዙ ነው። የእሳት ማጥፊያ ባለ 6 ኪሎ ዱቄት አንዱ ከጀነሬተሩ፣ አንዱ ከወጥ ቤቱ ይቀመጥ፤ ቡታ ጋዝ ያለበት ወጥ ቤት ከዋናው ድንኳን ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ።

ማንን ለምን?

ለለቅሶና ለተዝካር ዕድር፤ ሌላ መፈለግ ትርፉ ወጪ ነው። ለክርስትናና ለምርቃት፣ እስከ 120 ሰው፣ ድንኳኑን ሄዳችሁ ያያችሁት የሰፈር አከራይ ይበቃል፤ ድስቱን ከዕድር ውሰዱ። ለትልቅ ሠርግ የዲኮር ድርጅት ምቾት አለው፤ ግን ድንኳኑን ለብቻ ውል ብትይዙ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ተጠያቂውም ይታወቃል። ሦስቱንም ለማወዳደር ሁሉም አንድ ዓይነት ዋጋ እንዲሰጧችሁ አድርጉ፦ መጓጓዣን፣ መትከያና መንቀያን፣ የሁለተኛ ቀን ኪራይን፣ 15 ከመቶ ቫትን ጨምሮ። «ያለ ቫት ነው» የሚል ቃል የሚመጣው ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ነው። የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ሒሳብ በማን እንደሆነም ይጻፍ፤ አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ክርክር ሲጀመር ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከባድ መኪና በቀን የማይገባባቸው መንገዶች ስላሉ ዕቃው በዋዜማው ይራገፍ። የ10 በ20 ተከላ ለስድስት ሰው ግማሽ ቀን ነው፤ በሠርጉ ጠዋት የሚተከል ድንኳን ገመዱ በደንብ አይወጠርም። መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ለወረዳውና ለአካባቢው ፖሊስ አስቀድሞ ይነገር።

ዕቃ ከዋዜማው ካደረ ሌሊቱን ማን ይጠብቃል የሚለው በውሉ ይግባ። የጠፋ ሞንታርቦ የአከራዩ ነው ወይስ የተከራዩ? አብዛኞቹ ውሎች ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ደግሞ በተከራዩ ላይ ይተረጎማል። ርክክቡ በቁጥር፣ በሁለት ፊርማና በስልክ ፎቶ ይሁን፤ የተሸረፈ ሳህን፣ የተቃጠለ ምንጣፍ፣ የተቀደደ የወንበር ልብስ ሲመጣ እንደነበረ ይታይ። ሲመለስም ቆጠራው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ መኪናው ሳይነሣ ይለቅ። ሸራው እርጥብ ከሆነ «እርጥብ ተረክበናል» ብለው እንዲፈርሙ አድርጉ፤ ሳምንት ቆይቶ «ሻግቷል» ተብሎ ከማስያዣው ላይ እንዳይቆረጥ። ካስማውንም አብራችሁ ቁጠሩ፤ በመረሬ ውስጥ የቀረ ፌሮ ከማስያዣው ይቆረጣል፣ ካልወጣም የመኪና ጎማ ይበሳል።